ከቄቦቹ መሀል አራቱ

«ሁሉም ቄብ ናቸው በይ፤ አለቀ» አለች አክስቷ በሹክሹክታ፣ የዶሮ ቤቱን በር በጀርባዋ ደግፋ።

ልጅቷ ከጫጩቶቹ መሀል ቁጢጥ እንዳለች ቀና አለች። «አራቱ ወንዶች ናቸው እኮ!»

«መች አጣሁት? ለልብስ ሰፊዋ አሥራ ሁለት ቄብ ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ፤ ያለን ስምንት ነው። ታዲያ ምን ላድርግ፣ እኔ ልፈልፍልላት?»

ልጅቷ ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ትፈርስ ነበር። ዛሬ ግን ዓይኗ መውጫ ፈለገ። መውጫው አንድ በር ብቻ ነው፤ እሱም አክስቷ ጀርባ ነው።

ገና አሥራ አራት ዓመቷ ቢሆንም ሰፈሩ «ዓይናማዋ» ይላታል። ለሌላው ሰው የሁለት ወር ጫጩት ሁሉ አንድ ነው። እሷ ግን አንዴ ገልመጥ ካደረገች ይበቃታል፦ ወንዱ አናቱ ላይ ያለው ሥጋ ቀድሞ ይቀላል፣ እግሩ ወፈር ይላል፣ ወገቡ ላይ የሚወጣው ላባ ጫፉ ሹል ነው። የሴቷ ላባ ጫፉ ክብ ነው። ሰው «እሷ ካለች አለቀ» ብሎ ይገዛል። አክስቷም የፈለገችው ይህንኑ ነው።

ውጭ የምትጠብቀው ልብስ ሰፊዋ ናት። እጇ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ የስፌት መኪናዋን ሸጣ፣ በእንቁላል ልትኖር ቆርጣለች።

«ዓይናማዬ፣ አንቺ ነሽ የመረጥሽልኝ?» አለች፣ አሥራ ሁለቱ በካርቶን ሆነው ሲወጡላት።

የአክስቷ እጅ ትከሻዋ ላይ አረፈ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጋት ይህ እጅ ነው፤ ሌላ የምትገባበት ቤት የላትም።

«አዎ፣ እትዬ። ሁሉም… ቄብ ናቸው።»

«ተባረኪ! አንቺ ካልሽማ ልቤ አረፈ።»

ካርቶኑን ተሸክማ እንድታደርስላት ታዘዘች። ልብስ ሰፊዋ መንገዱን ሙሉ ስታወራ ሄደች፤ የዶሮ ቤቱን በገዛ እጇ እንደሠራች፣ ሦስቴ ጣቷን በመዶሻ እንደመታች። ልጅቷ ካርቶኑን አቅፋ ከኋላ ተከተለቻት።

ቤት ሲደርሱ ልብስ ሰፊዋ ጫጩቶቹን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረች። አንዱ እጇ ላይ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። «አይ፣ ይቺስ ደፋር ናት! ቀድማ የምትጥልልኝ እሷ ናት፣ ታያለሽ።»

«እሱ አይጥልም» አለች ልጅቷ።

«ማን?»

«ወንድ ነው፣ እትዬ። ያኛውም… አራት ናቸው።»

ልብስ ሰፊዋ ጫጩቱን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። «እያወቅሽ ነው?»

«አዎ።»

«አክስትሽስ?»

ልጅቷ አቀረቀረች። ተቆጥታ እንደሆነ የሴትየዋ ፊት አይናገርም። ነጠላዋን ሳበች። «ነይ፣ አብረን እንሂድ። እኔ እነግራታለሁ።»

ሐሳቡ ልጅቷን ፈተናት። ከሴትየዋ ጀርባ ተደብቃ መግባት ይቻላል። አክስቷ በሰው ፊት አትጮህም፤ በኋላ ግን ሰው ይሄዳል።

«አይ፣ እትዬ። ራሴ ልንገራት።»

አራቱን ለይታ ካርቶኑ ውስጥ መለሰች። መንገዱ ከመጣችበት ይልቅ አጠረባት። የግቢው በር ተዘግቷል፤ አክስቷ ውስጥ ሆና ስታንጎራጉር ይሰማል። ትንሽ ቆመች። ከዚያ እጇ ስለተያዘ በሩን በእግሯ መታችው።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች። «አራቱን ይዤ ተመልሻለሁ።»