እሾህ የሌለው አጋም

ፒያሳ ልብስ ሰፊ የነበሩት አቶ ከተማ እሪ በከንቱ ባለው ቤታቸው፣ ሳሎን ውስጥ ሞተው ተገኙ። ጠረጴዛው ላይ ግማሹ የተበላ አንድ ሳህን አጋም ነበር፤ ከላዩ ለጌጥ ጣል የተደረገች ለምለም ቅርንጫፍ አለች። ጊዜው የቀይ ሽብር ነውና ቀበሌው ብዙ አልተጨነቀም። አጋሙን የሸጠችውን ለተክርስቶስን ከአትክልት ተራ ጎትቶ አሰራት።

መቶ አለቃ መድኃኔ የተጠራው ለደንቡ ያህል ነው። ጎበዝ መርማሪ ነው፤ ጉብዝናውን ሰው ሲያይለት ደግሞ ደስ ይለዋል።

«አጋሙን ገዝቼ ጓዳ አስቀመጥኩና ለቅሶ ሄድኩ» አሉ የሟች ባለቤት ወይዘሮ አስካለ። «ስመለስ እንዲህ ሆኖ ጠበቀኝ።»

«የተጣሉት ሰው ነበር?»

«ወንድሙ እምሩ። ልጃችንን ጠቁሞ ያስበላው እሱ መሆኑን ሰምቶ፣ ከቤቴ ውጣልኝ አለው። እሱ ግን ለሥራ ሐረር ደርሶ ተመልሶ አሁንም እዚሁ ነው።»

እምሩ ዓይኑን እንኳ አላሸም። «ሻጯ ናት። ቅርንጫፏም ከአጋሙ ጋር ዘንቢሉ ውስጥ ነበረች፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

መድኃኔ ወደ ቀበሌው እስር ቤት ሄደ። የለተክርስቶስ ጣቶች ተቦጫጭረዋል።

«ከአጋሙ ጋር ቅርንጫፍ ትሸጫለሽ?»

«እሾኹን ማን ይገዛኛል፣ ጌታዬ? ለልጆቼ ሲሉ ያውጡኝ። እዚህ ያደረ አይመለስም ይላሉ።»

«አይዞሽ፣ ነገ ትወጫለሽ።» የምሩን ነበር።

ተመልሶ ቅርንጫፏን ዳበሰ። ፈገግ አለና «ነገ ጠዋት ሁላችሁም እዚህ ተሰብሰቡ» አለ።

በማግስቱ ወንበሮቹን በገዛ እጁ ደረደረ። ወይዘሮ አስካለ፣ እምሩና የቀበሌው ሊቀመንበር ተቀመጡ፤ አንድ የአብዮት ጥበቃ በር ላይ ቆመ።

«ይቺን ይዳብሷት፣ ወይዘሮ አስካለ። እሾህ አላት?»

«የላትም።»

«አጋም ደግሞ ያለ እሾህ አይገኝም። የሻጯን ጣት ማየት ይበቃል። ይቺ መረንዝ ናት፤ እንደ አጋም በደረቅ ተዳፋት ላይ ክረምት ከበጋ ለምልማ ትኖራለች። ፍሬዋ አጋም ይመስላል፤ ጥሬው ግን ይገድላል። እምሩ፣ ሰሞኑን ለሥራ ሐረር ወርደህ ነበር። ከዚያ ያመጣኸውን ፍሬ ከአጋሙ ጋር ደባለቅህ። ትኩስ እንዲመስል ቅርንጫፏን ጣል አደረግህበት። ከተሜ ነህ፤ አጋም ቁጥቋጦው ላይ አይተህ አታውቅም። ከዘንቢሉ ነው ስትል ዋሸህ።»

እምሩ ከወንበሩ ተነሳ። ጥበቃው ክንዱን ያዘው። ሊቀመንበሩ እንደ ቲያትር ተመልካች አጨበጨበ።

«አሁን ለተክርስቶስን ልቀቋት» አለ መድኃኔ።

ጭብጨባው ቆመ። «እሷማ... ትናንት ማታ እርምጃ ተወስዶባታል። ነፃ መሆኗን መቼ ነገሩን?»

ወይዘሮ አስካለ ወደ መድኃኔ ዞሩ። «እርስዎ መቼ ነው ያወቁት?»

«ትናንት ከሰዓት።»

«ታዲያ ምን ይጠብቁ ነበር?»

መድኃኔ የደረደራቸውን ወንበሮች አየ።

«ሰው እስኪሟላ» አለ።