ዘፋኙ ገንዳ

የፋብሪካው ባለቤት ማንጎ ማድረቂያው ክፍል ውስጥ በሩ ሥር በሙቀት ሞቶ ተደፍቶ ተገኘ። መቀርቀሪያው ከውጭ ተወርውሯል። ነፍሱን ይማረውና፣ የሚወደው ሰው አልነበረም።

መርማሪው ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ በካቴና ታስሮ ጠበቀው። ማንጎ በሙቅ አየር የሚደርቀው ከጧት እስከ ማታ ነው፤ አመሻሽ ላይ በሩ ሲከፈት ማንጎው ደርቋል። እንግዲህ ማንጎው ገብቶ ሟች የተቆለፈበት ጧት ነው ተባለ። ጧት ደግሞ ግቢው ውስጥ ከዘበኛው ሌላ ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነበር፤ ያውም ከሟች ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል። የማድረቂያ ባለሙያዋ የገባችው ከምሳ በኋላ ነው።

«በልጆቼ እምላለሁ፣ አልነካሁትም» አለ ሥራ አስኪያጁ።

መርማሪው ከትሪው አንድ ቁራጭ ማንጎ አንስቶ አኘከ። ዘበኛው በሆዱ «ምን ዓይነቱ ሆዳም ነው» አለ።

«እህቴ፣ ማንጎሽ አልጣፈጠኝም።»

«ያልበሰለ ገብቶ ይሆናል» አለች ባለሙያዋ።

«ያ ገንዳስ?»

ዘበኛው ቀደማት። «ዘፋኙ ነው ጌታዬ። ማንጎውን ውሃ ውስጥ ነክራ ድምፅ ትለቅበታለች። ለኛ እዝዝ ከማለት በቀር ዘፈኑ አይገባንም። ማታ ማታ ውሃውን የምቀይረው እኔ ነኝ።»

«ዛሬ ዘፍኗል?»

«ዛሬ አልነካሁትም» አለች ባለሙያዋ ፈጠን ብላ።

መርማሪው ጎንበስ አለ። የገንዳው ጠርዝ ላይ ጉንዳን ተሰልፏል። ጣቱን ውሃው ውስጥ ነክሮ ላሰና ሦስቱንም ወደ ገንዳው ጠራቸው።

«ጉንዳን ትናንት ማታ ለተቀየረ ንጹሕ ውሃ አይሰለፍም። ድምፁ ማንጎው ላይ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ይከፍታል፤ ስለዚህ ቶሎ ይደርቃል። በዚያው ቀዳዳ ግን ስኳሩ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ማንጎው የገባው ከሰዓት ነው፤ የጧት እንዲመስል በድምፁ ቶሎ እንዲደርቅ ተደርጓል። ገንዳውን ማዘፈን የምትችዪው አንቺ ብቻ ነሽ። ‹ትሪውን ይዩልኝ› ብለሽ አስገባሽውና ቆለፍሽበት።»

ባለሙያዋ አልካደችም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዓምና ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ተቆልፎበት ሞተ። ባለቤቱ በሩ ሲደበደብ እየሰማ ‹ሰካራም ነው፣ ተዉት› አለ። ዛሬ እሱ ሲደበድብ እኔ ቆሜ ሰማሁት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።»

«ሥራ አስኪያጁስ ምን አደረገሽ?»

«ወንድሜ ላይ የቆለፈበት እሱ ነው። ያኔም በልጆቹ ምሎ ነው የዳነው።»

መርማሪው ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ። እሱ ግን አሁን አልማለም።

መርማሪው ሌላ ካቴና አስመጣ። የፊተኛውን ግን አልፈታም።