ረቡዕ ዕለት የተደፋው ጀሪካን

የውሃ ባለሙያው ሃይደር ረቡዕ ዕለት ገርጂ ኮንዶሚኒየም ቤቱ ውስጥ፣ መታጠቢያ ክፍሉ ወለል ላይ ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። ወለሉ በውሃ ርሷል። አንሸራትቶት ነው ተባለ፤ ዘመዶቹም ቀብሩ እንዳይዘገይ ተጣደፉ። ኢንስፔክተር የሻሽወርቅ ግን «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የምትል ሴት ናት፤ አስከሬኑ ይመርመር አለች።

በሩ አልተሰበረም። ሃይደር የሚከፍትላቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሚስቱ ሳጂዳ ሱቅ ውዬ ስመለስ አገኘሁት አለች። የሕንጻው ጥበቃ ጋሽ ገብረሃንስ ከሟቹ ጋር በመኪና ማቆሚያ ተጨቃጭቀው እንደነበር አልካዱም። ሦስተኛው አብሮ አደጉ ደጀኔ ነው፤ ፎሶሊያ እያመረተ ወደ ውጭ ይልካል። ጠዋት መጥቶ እንደነበር፣ ሃይደርም መታጠቢያ ቤት እያጠብኩ ነው ብሎ ከደጅ እንደመለሰው እያለቀሰ ተናገረ።

የሃይደር ላፕቶፕ ጠፍቷል። ሳጂዳ እንደተናገረችው፣ ውስጡ ያለው ሪፖርት የደጀኔ እርሻ ጥልቅ ጉድጓዶች የአካባቢውን ገበሬዎች ጉድጓድ ማድረቃቸውን ያስረዳል። ሐሙስ ለውጭ ገዢዎች ሊላክ ነበር፤ ከተላከ ፎሶሊያውን የሚገዛ አይኖርም።

የሻሽወርቅ መታጠቢያ ቤቱን ደግማ አየች። ከበሩ ሥር አንድ ባዶ ጀሪካን አለ። ጥግ ላይ ደግሞ ልብስ የታጠበበት ውሃ ባልዲ ሙሉ ተቀምጧል።

በማግስቱ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«እዚህ ሕንጻ ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና አርብ ነው» አለች። «ሳጂዳ፣ ወለል በምን ታጥባላችሁ?»

«በልብስ እጣቢ ነው እንጂ! የጀሪካኑ ለመጠጥና ለምግብ ነው፤ እስከ አርብ የምንደርሰው በሱ ነው።»

«እጣቢው ግን አልተነካም። አንሸራትቶት የወደቀ እንዲመስል ሃያ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው የተደፋው። ሃይደር አያደርገውም፤ ሳጂዳም አታደርገውም። ጋሽ ገብረሃንስም ከዚሁ ቧንቧ የሚቀዱ ናቸው። ውሃ ሳይቆጥብ የሚኖረው አንድ ሰው ብቻ ነው። አቶ ደጀኔ፣ ቦሌ ግቢዎ ውስጥ የራስዎን ጉድጓድ ካስቆፈሩ ስንት ዓመት ሆነዎት?»

ደጀኔ ጀሪካን መድፋት ማስረጃ አይሆንም አለ።

«ልክ ነዎት። ለዚህ ነው ዛሬ ጠዋት መኪናዎን ያስፈተሽኩት። ላፕቶፑ ተገኝቷል፤ የአስከሬን ምርመራውም ከኋላ ተመትቷል ይላል።»

ደጀኔ አንገቱን ደፋ። እርሻው ከተዘጋ ሦስት መቶ ሠራተኛ ይበተናል፣ ለምኜው እምቢ አለኝ አለ። ሳጂዳ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ሪፖርቱን ለደጀኔ ሳታሳይ ላከው ብዬው ነበር» አለች። «ወንድሜ ነው፣ ከጀርባው አልሄድም አለኝ። ረቡዕ የጠራህ ለዚህ ነው።»