አሥራ አንደኛው ጎዝ

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ካዛንቺስ ወዳለው የግል ሆስፒታል ጠዋት ለኦፕራሲዮን በእግራቸው ገብተው፣ ሳይመሽ ሬሳ ሆነው ወጡ። አስከሬኑ ሲመረመር ሆዳቸው ውስጥ አንድ ጎዝ፣ ያ ደም የሚጠረግበት ጨርቅ፣ ተረስቶ ተገኘ። የሚደማውን ሥር አፍኖት ቆይቶ ሲንሸራተት ነው ደማቸው የፈሰሰው።

በማግስቱ ኢንስፔክተር ገብረዋህድ የኦፕራሲዮን ክፍሉን የቆሻሻ ባልዲ አስከፈተ። ቄራ ተወልዶ ላደገ ሰው ደም ምኑም አይደለም፤ ያንገሸገሸው በሩ ላይ የቆሙት የሆስፒታሉ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ጣታቸውን መሣሪያ አቀባይዋ ሪሐና ላይ ቀስረዋል። ጎዝ የምትቆጥረው እሷ ናት፤ ከተፈረደባት ሥራዋንም ነፃነቷንም ታጣለች።

«ስንት ቆጠርሽ?»

«ስንጀምር አሥር። ሊሰፋ ሲል ዘጠኝ። አንድ ጎድሏል፣ አይሰፋም አልኩ። ዶክተር አሉላ ተቆጣኝ። ደግሜ ልቆጥር ዞር አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ጽገረዳ በደም የተነከረ ጎዝ ከአልጋው ሥር አነሣች። አሥር ሞላ። በቃ፣ ፈረምኩ» አለች፣ እንባዋ እየቀደማት።

ነርሷ ጽገረዳ አንገቷን ደፋች። «ዶክተር ደም አምጪ ብሎ ልኮኝ ነበር። ስመለስ መሬት ላይ አየሁት። እኔ ምኑን አውቃለሁ፣ ማለቴ…»

ዶክተር አሉላ ሰዓቱን አየ። «እኔ ቀዶ ሐኪም ነኝ፣ ቆጣሪ አይደለሁም። በዚያ ላይ ጓንቴ ተቀዶ እየቀየርኩ ነበር።»

ሬሳው ገና አልተቀበረም፤ እሱ ሰዓት ያያል። ሰው እንዲህ ያስጠላል እንዴ!

ከሰዓት ገብረዋህድ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰባቸው። ጎዞቹ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፤ የረጋው ደም መሽተት ጀምሯል።

«ባልዲው ውስጥ አሥር፣ በሟች ሆድ ውስጥ አንድ። አሥራ አንድ። የተከፈተው ግን አሥር ነው።» በመቆንጠጫ አንዱን አነሣ። «የኦፕራሲዮን ጎዝ ሁሉ ራጅ ላይ የሚታይ ሰማያዊ ክር አለው። ይሄ የለውም። ከዚያ ቁም ሣጥን የወጣ የቁስል ማሸጊያ ነው፤ ደም ተነክሮ የተጣለ።»

«እንግዲያው ጽገረዳ ናት» አለ አሉላ። «ለኦፕራሲዮን የታጠበ እጅ ንጹሕ ያልሆነ ቁም ሣጥን አይነካም።»

«ልክ ብለዋል። ከነካ ደግሞ ጓንት ይቀየራል።» ስምንት ቁጥር የታተመባቸውን አራት ጓንቶች ከባልዲው አወጣ። «የሪሐና ስድስት ተኩል ነው። ስምንት የሚያጠልቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ጓንቶቹን አንድ በአንድ ውኃ ሞላባቸው። ተነፉ፤ አንዲት ጠብታ አልወጣም።

«የትኛው ነው የተቀደደው ዶክተር?»

አሉላ እንደገና ሰዓቱን አየ።

«ትናንት ደምበል አካባቢ ባለ ሌላ ክሊኒክ በሽተኛ ይጠብቅዎ እንደነበር አጣርቻለሁ፤ ቸኩለው ነበር። ሪሐና አይሰፋም ስትል ጽገረዳን ላኩ፤ ሪሐና ዞር ስትል ከቁም ሣጥኑ ጎዝ አወጡ፣ ደም ነክረው ከአልጋው ሥር ጣሉ። ከዚያ ልማድ አሸነፈዎትና የቆሸሸውን ጓንት ቀየሩ።»

«ታዲያ በቆሸሸ እጅ ሰፍቼ እንድትመረዝ…» አሉላ ምን እንዳመነ የገባው ቃሉ ከአፉ ካመለጠ በኋላ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጓንት ለመቀየር ጊዜ አገኙ» አለ ገብረዋህድ፣ «ሆዳቸውን አንዴ ለመዳሰስ ግን አጡ።»

ፖሊሶች ሲወስዱት ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ገብረዋህድ ወደ መታጠቢያው ሄዶ ጎንበስ አለ፤ ሃያ ዓመት ሬሳ ሲያገላብጥ መጥቶበት የማያውቅ ትውከት ተናነቀው። ሪሐና ቀስ ብላ መጥታ ውኃውን ከፈተችለት።