ዘጠነኛዋ ጥያቄ

«ወደዚህ ከመምጣታችሁ በፊት ቤት ውስጥ የተደረገለት ነገር አለ?» አለች ሲስተር እስከዳር፣ እስክሪብቶዋን የጥናቱ ቅጽ ዘጠነኛዋ ጥያቄ ላይ አሳርፋ።

«ምንም! ጸበል ብቻ ነው ያስጠመቅነው» አለች እናትየዋ ጤናዬ ፈጠን ብላ።

የኔአለም እናቷን ቀና ብላ አየቻትና ወዲያው አንገቷን ደፋች። በዐሥራ አራት ዓመት ዕድሜዋ እናቷ በሰው ፊት ስትዋሽ ሰምታ አታውቅም። ያውም በዚህ ሰዓት! የሁለት ዓመቱ ወንድሟ ዘማርያም አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተለጥፎበት አልጋው ላይ ተዘርግቷል፤ በተነፈሰ ቁጥር ጎኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከአማኑኤል ከተማ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ካመጡት ሦስተኛ ቀኑ ነው። መርፌ ቢወጋም ትኩሳቱ እምቢ ብሏል፤ ከትናንት ወዲህ ደግሞ አንገቱ አብጧል።

«ጥናቱ ለምን እንደሆነ ነግሬዎታለሁ» አለች ሲስተር ረጋ ብላ። «ሳንባ ምች አንዳንዱ ልጅ ላይ ለምን እንደሚብስ ለማወቅ ነው። ካልፈለጉ መተው ይችላሉ፤ ሕክምናው አይቋረጥም። ግን የሚነግሩን ለእሱም ይጠቅመዋል። አንገቱን ምን እንዳሳበጠው አላወቅንም፤ ጉሮሮውን እንዳናይ ደግሞ ትንፋሽ ያጥረዋል።»

«ምንም አልነካነውም አልኩሽ እኮ!»

ሲስተር መልሱን ጽፋ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች።

«እማዬ፣ ለምን አትነግሪያትም?» አለች የኔአለም በሹክሹክታ።

«ዝም በይ! አጎትሽን ልታሳስሪው ነው?»

አጎቷ የሺዋስ እንጥል ቆራጭ ነው። የሰፈሩ ሰው ልጁ ሲያስለው «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ወደ እሱ ይሮጣል። እነሱም ባለፈው ቅዳሜ ሮጡ። ጤናዬ እግሩን ያዘች፤ ጭንቅላቱን «ጠበቅ አድርጊው» ተብላ የያዘችው ግን የኔአለም ናት። እንጥል መቁረጥ ጎጂ መሆኑን ክፍል ውስጥ ተምራለች፤ ፈተና ላይ መጥቶላት ሙሉ ማርክ አግኝታበታለች። ያን ዕለት ግን ትንፍሽ አላለች። ወይ ትምህርት!

እናቷም ብትሆን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ስትመክር የኖረች ሴት ናት። ይኸው አሁን የነጠላዋን ጫፍ ትነክሳለች።

ዘማርያም ሊያለቅስ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። የኔአለም ወደ አልጋው ጎንበስ አለች። «አይዞህ የኔ ጌታ» ብላ ጭንቅላቱን ልትዳብሰው እጇን ዘረጋች። ልጁ እጇን ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ። ባለችው አቅም ጭንቅላቱን ወደ ግድግዳው አሸሸ።

እጇን ሰበሰበች። ከዚያ ዞረች።

«ወዴት ነው?» እናቷ ቀሚሷን ጨምድዳ ያዘች።

«እማዬ፣ ይሞትብናል እኮ።»

 የጤናዬ ጣቶች አንድ በአንድ ላሉ።

ሲስተር እስከዳር ሦስተኛው አልጋ ጋ ደርሳለች። የኔአለም ሄዳ አጠገቧ ቆመች።

«ሲስተር፣ ያችን ዘጠነኛዋን ጥያቄ እንደገና ይጠይቁልኝ።»

ሲስተር ወረቀቶቹን ወደ ኋላ ገለጠች። «ማንን ልጠይቅ?»

«እኔን» አለች የኔአለም። «ጭንቅላቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።»