አሥሩ ነጭ መስመሮች

የጋራዡ አለቃ በሞተር መሞከሪያው ክፍል ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቶ፣ ጣሪያውን በስህተት እንደተገጠመ ዕቃ አፍጥጦ እያየ ሞቶ ነበር። በዙሪያው አረንጓዴ ውሃ ተኝቷል። ባሕር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሁለት ባልዲ ይሆናል።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ በረጅሙ ተነፈሰች። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቷ ያልፈታችው ሞት የለም። ሁለት ብቻ አሉ፤ እነሱም ሟቾቹ ራሳቸው ስላልተባበሩ ነው። ይህ ደግሞ የዛሬው ቀን ሦስተኛ ሬሳዋ ነው፤ ጉልበቷም «ይበቃናል» ማለት ከጀመረ ቆይቷል።

ነገሩ ላይ ላዩን ግልጽ ነበር። በብረት መደቡ ላይ የታሰረው ሞተር ቱርቦ የተገጠመለት፣ አየር በግድ የሚጎርስ፣ ተራራ ቢያስሩበት ተራራውን ጎትቶ የሚሄድ ዓይነት ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የቴስታታ ጋስኬቱን በላ። ጋስኬት ማለት በሞተሩ ራስ፣ ማለትም በቴስታታው፣ እና በወገቡ መካከል ተቀምጣ እሳትን፣ ውሃንና ዘይትን የምታገላግል ስስ ብረት ናት። እሷ ስትበሳ እሳቱ ወደ ውሃው መንገድ ገባ፤ ቱቦው ፈነዳ፤ የፈላው አረንጓዴ የማቀዝቀዣ ውሃ አለቃውን ደረቱ ላይ መታው፤ ወደ ኋላ ሲወድቅ ማጅራቱ የጠረጴዛውን የብረት ጠርዝ አገኘ።

ቴስታታውን የያዙት አሥር ቡሎኖች ናቸው። ስምንቱ ላልተው ተገኙ። ያሰረቻቸው ደግሞ የሟቹ የእህት ልጅ ናት።

«ልሰራት?» አለ ረዳቷ፣ ካቴናውን እያንሿሿ።

«ካቴናህን አስቀምጠው፤ ራሴን አመመኝ።»

ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሜካኒክ ናት፤ ሁሉን ነገር ስለምትለካ አጎቷ «ሚዛን» የሚል ቅጽል ስም አወጣላት። ጥግ ላይ ቆማ እጆቿን ትመለከታለች።

«እንዴት አሰርሽው?» አለች መርማሪዋ።

«ከመሐል ጀምሬ ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር። ቡሎኖቹ አዲስ ናቸው፤ አንዴ የተሳበ ቡሎን አጎቴ አይደግምም። መፍቻው ልኩ ላይ ደርሶ ‹ቀጭ› እስኪል አጠበቅኩ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ቡሎን እስከ ቴስታታው ነጭ መስመር አሰመርኩ። ቡሎኑ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል።»

«ማን ፈተሸው?»

«እሱ ራሱ። ‹ሞተሩን አሙቀን፣ አቀዝቅዘን፣ ቡሎኑን ደግመን ሳናይ የቱርቦው ግፊት እንዳይጨመር› አለ። እዚህ ቤት ሕግ ነው። ሁለት ቀን አልተኛሁም። ምናልባት እጄ ዝሎ ይሆናል። እርስዎ ይንገሩኝ፤ ያሳደገኝን ሰው እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«ጥፋት ባለቤት አያጣም፤ አትሻሚበት» አለቻት መርማሪዋ።

ባለመኪናው ግቢው ውስጥ ይንጎራደዳል። እሑድ ውድድር አለበት።

«በጣም አዝናለሁ። ግን ሞተሬ ለእሑድ ይደርሳል?»

«ሬሳው ሳይነሳ?»

«እንዲያው ለማወቅ ነው እንጂ!»

«ግፊቱ ይጨመርልኝ ብለው ነበር?»

«ብዬ ነበር። አለቃው ግን ‹ቤንዚንህ ደካማ፣ ጋስኬቱ ገና አዲስ። ትዕግሥት ካጣህ አህያ ግዛ› አለኝ። ሰው ፊት!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… ዶክተሩ በዓይኑ ጠቀሰኝ።»

«ዶክተር» የሚሉት በሽተኛ አይቶ አያውቅም። የሞተሩን የቤንዚን ልክና የቱርቦ ግፊት በላፕቶፕ የሚያስተካክል፣ ነጭ ሸሚዝ የሚለብስ ሰው ነው። በዚያ ሙቀት እጅጌውን እስከ አንጓው ቆልፏል።

«እኔ መፍቻ ከጨበጥኩ አሥር ዓመቴ» አለ መዳፎቹን ዘርግቶ። «የሙሽራ እጅ ነው፤ ይዩት!»

«ድሮ ማን አስተማረህ?»

«አለቃው ነዋ! በዕድሜው እኔንና ሚዛንን ብቻ ነው ሞተር ያስተማረው። ሌላው እዚህ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነው።»

ዘበኛው የመጨረሻው ነበር።

«ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ‹ጧ!› ሲል ሰምቻለሁ» አለ።

«ገብተህ አላየህም?»

«እመቤቴ፣ እዚህ ግቢ በቀን ሰባት ጊዜ ‹ጧ› ይላል! በየ‹ጧ›ው ብነሳ ምሳ የምበላው መቼ ነው? ሰባት ሰዓት ላይ ስገባ ዶክተሩ ከሞተሩ አጠገብ ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ‹ሞቷል፣ ሮጠህ ጥራ!› አለኝ።»

መርማሪዋ ሞተሩ ላይ አጎንብሳ ብዙ ቆየች። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ሚዛን፣ ቴስታታውን አንሺ።»

«እኔ?»

«ከአንቺ የተሻለ ማን አለ? በፊት ግን ሁላችሁም መስመሮቹን እዩ። አራቱ የማዕዘን ቡሎኖች ግማሽ ዙር ዞረዋል። ቀጥለው ያሉት አራቱ፣ ሩብ ዙር። መሐለኞቹ ሁለቱ ንቅንቅ አላሉም። ንዝረት እንዲህ በሥርዓት አይፈታም፤ ንዝረት ትምህርት ቤት አልገባም። ይህ፣ ቴስታታ እንዳይጣመም ከዳር ወደ መሐል በጥቂት በጥቂቱ መፍታት የተማረ ሰው እጅ ነው።»

«እንግዲያው እኔ የለሁበትም!» አለ ባለመኪናው። «እኔ የጠርሙስ ክዳን እንኳ በሰው ነው የማስከፍተው!»

«ይታያል። መቼ ተፈቱ? ውሃው በጋለው ብረት ላይ ደርቆ አረንጓዴ ቅርፊት ሠርቷል። ቅርፊቱ በስምንቱ ቡሎኖች ዙሪያ ተሰነጣጥቋል። ስለዚህ የተፈቱት ውሃው ከደረቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሰውዬው ሞቶ ነበር።»

ሚዛን መሐለኞቹን ሁለት ቡሎኖች ፈትታ አሥሩንም አወጣች። ረዳቱና ዘበኛው ደግፈዋት ቴስታታው ተነሳ። ጋስኬቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ተቃጥሎ ተበስቷል። የፒስቶኖቹ ጠርዝ ዶሮ የለቀመችው መስሏል።

«ምንድን ነው?» አለች መርማሪዋ።

«ግፊቱ በዝቶ ነው» አለች ሚዛን ቀስ ብላ። «ግፊት ሲበዛና ቤንዚኑ ደካማ ሲሆን፣ ነዳጁ ተራውን ሳይጠብቅ ይፈነዳል። ፒስቶኑን ይቀጠቅጣል፤ ጋስኬቱን በጠበበበት ቦታ ይበሳዋል።»

«የማዕዘን ቡሎን ቀድሞ ቢላላስ?»

«በዳር ነበር የሚያፈሰው። ጥላሸት ይኖረው ነበር። ዳሩ…» ቀና አለች። «ዳሩ ንጹሕ ነው!»

«ከዳር ወደ መሐል የተማሩት ሁለት ናቸው። አንዷ ራሷን የሚያሳስር ማስረጃ በገዛ እጇ አትሠራም። ሁለተኛው የሙሽራ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ታይቷል። የኋለኞቹ ቡሎኖች ደግሞ የጋለውን የቱርቦ ቧንቧ ታክከው ነው ያሉት። ዶክተር፣ እጅጌህን ሰብስብ።»

ዶክተሩ የእጅጌውን ቁልፍ ፈታ። አንጓው ላይ ትኩስ ቃጠሎ ውሃ ቋጥሯል።

«ልገድለው አልነበረም» አለ። «ግፊቱን የጨመርኩት ሞተሩ እንደሚችለው ከምሳ መልስ ላሳየው ነበር። እሱ ሳያውቅ ቀድሞኝ አስነሳው። ስመለስ ወድቋል… ሰው ቡሎኑን ጥፋተኛ ያደርጋል አልኩ።»

«ቡሎኑን አይደለም። እሷን።»

ዶክተሩ ፊቱን ከሚዛን አዞረ።

«ሁለት ሦስቱን በዘፈቀደ ብታላላ ኖሮ ማንም አይነቃብህም ነበር። ለምን በሥርዓት ፈታህ?»

ዶክተሩ የተሸፈነውን ሬሳ ተመለከተ። «ሌላ አፈታት አላውቅም። እሱ ነው ያስተማረኝ።»

ካቴናው አሁን ሥራ አገኘ።

መርማሪዋ መዝገቧን ከፍታ መጻፍ ስትጀምር ሚዛን ጠጋ አለች።

«‹ሥራው ልክ ነበር› ብለው ይጻፉልኝ።»

«ልጄ፣ አንቺ ነፃ ነሽ። አያስፈልግሽም።»

«ለእኔ አይደለም። ፈትሾ ያለፈው እሱ ነው። ‹የላላ ቡሎን አሳልፎ ሞተ› እንዳይሉት።»

መርማሪዋ ከሟቹ ስም ቀጥሎ፣ ከተጠርጣሪው ስም በፊት፣ በጉልህ ጻፈች፦ «አሥሩም ቡሎኖች በልካቸው ታስረው ነበር። ሟቹ ፈትሿቸዋል።» መዝገቡን አዞረችላት።

ሚዛን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ ብላ፣ ከቀትር ጀምሮ የያዘችውን እንባ ለቀቀችው። መርማሪዋ ረዳቷ በሩን እንዲዘጋ በእጇ አመለከተችና ከልጅቷ አጠገብ ቆመች። አላቻኮለቻትም።