የንጋት ሸለቆ ወይፈን

ዝናቡ ባባራ በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ በዘምባራ ቤተ መንግሥት በር ላይ የቆመው ግዙፍ የድንጋይ ኮርማ ከሁለቱም ዓይኖቹ ደም አነባ። በዚያው ቀን በንጉሡ በረት አሥራ አንድ ላሞች አምጠው ሞቱ። በሕይወት የወጡት ሁለት ጥጆችም እግራቸው ተቆልምሞ መቆም አቃታቸው።

ዘምባራ በከብቷ የምትኖር አገር ነበረች። ወተቷም ሥጋዋም፣ ማረሻዋን የሚጎትተው ጉልበትም ከበረት ነው የሚወጣው። ንጉሥ አርማስ ልብሰ መንግሥታቸውን እንደ ለበሱ ከደሙ ፊት ተንበረከኩ፤ የአገሩን ባለ ራእይም አስጠሩ።

ሽማግሌው ደሙን በጣቱ ነክቶ፦ «ዘራችሁ ደክሟል» አለ። «አርባ ዓመት ሙሉ ኮርማ የመረጣችሁት በቀንዱ ርዝመትና በቆዳው ድምቀት ነው። ከንጋት ሸለቆ፣ እመላህም የምትባለው የሸለቆው እመቤት ከምትጠብቀው ከመጀመሪያው መንጋ አንድ ወይፈን ካልመጣ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ በዘምባራ የላም ድምፅ አይሰማም። እመላህም ግን የምትሰጠው መምረጥ ለሚያውቅ ብቻ ነው። የሳተ ሰው ወይፈንም፣ መመለሻም የለውም።»

የንጉሡ ጦረኛና የበረቱ አለቃ ጓንጉል ወደ ፊት ወጥቶ ጦሩን መሬት ላይ አስተኛ።

«ንጉሤ ሆይ፣ እነዚያን ኮርማዎች ላለፉት አሥር ዓመታት የመረጥኩት እኔ ነኝ። ጦሬ እስከ ሸለቆው ያደርሰኛል፤ ዓይኔ ግን አይበቃም። አንጓች የምትባል የከብት ዐዋቂ ልጅ አለች። ‹ይህ ኮርማ አይሆንም› ብላ ሦስት ጊዜ ነግራኝ፣ ሦስት ጊዜ ከበረት አስወጥቻታለሁ። እሷ ትሂድ፤ እኔም ልከተላት።»

አንጓች ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ተጠርታ ስትመጣ እጇ የእርጉዝ ላም ሆድ ስትዳብስ እንደ ዋለች ይሸት ነበር። በንጉሡ ፊት ቆማ፦ «በአባቴ አጥንት እምላለሁ» አለች፤ «ለዓይን የሚያምረውን ሳይሆን ለላሟ የሚበጀውን አመጣለሁ። ያ ካልሆነም አልመለስም።»

ሰባት ቀን ተጉዘው ነጩ ጉም ደረሱ። በጉሙ ውስጥ ጉማሮ የሚባሉ ሥጋ የሌላቸው ፍጥረቶች ይኖራሉ፤ መንገደኛውን በሚወዳቸው ሰዎች ድምፅ እየጠሩ ወደ ገደል ይወስዱታል። አንጓች የሞተ አባቷ በስሟ ሲጠራት ሰማች። እግሯ ወደ ድምፁ ሊዞር ሲል ጓንጉል ወገቧን ከወገቡ ጋር በገመድ አሰረና በሙሉ ጉሮሮው ይፎክር ጀመር፦

«ገደል ጠራኝ ብሎ የማይሄድ ጎበዝ፣
ጉም ቢሸፍነውም መንገዱን የሚይዝ!»

ድምፁ እስኪሻክር ፎከረ። ጎሕ ሲቀድ ጉሙ ከኋላቸው ቀረ።

ሸለቆው እስከ አድማስ ለምለም ነበር። እመላህም ከዋርካ የምትረዝም፣ ጠጉሯ እንደ ፏፏቴ የሚወርድ ሴት ናት። የመጡበትን ሰምታ ሦስት ወይፈኖች አቆመችላቸው። «ምረጪ» አለች።

የመጀመሪያው ወርቅማ ነበር፤ ሻኛው እንደ ዘውድ ከፍ ብሏል። ጓንጉል ሳያስበው «ወይ ግርማ!» አለ። አንጓች ግን በስተኋላው ቆመች። «ጋሼ፣ የኋላ እግሩን ይዩት። ቋንጃው ላይ መታጠፍ ሲገባው እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሏል። ላም ላይ ሁለት ዓመት ከወጣ በኋላ ይሰበራል፤ ልጆቹም ይወርሱታል።»

ሁለተኛው በሥጋ የተሞላ፣ ደረቱ እንደ በር የሰፋ ነበር። አንጓች ትከሻውን በክንዷ ለካችና ራሷን ነቀነቀች። «የኛን ላሞች የገደላቸው እንዲህ ያለ ትከሻና ወፍራም ራስ ነው። ጥጃው ተቀርቅሮ ይቀራል። የቆለጡ ፍሬዎችም ለአካሉ ትንንሽ ናቸው፤ አንዱ ካንዱ ይበልጣል።»

ሦስተኛው ዳለቻ ነበር፤ ለዓይን ብዙም አይደለም። አንጓች አላሞገሰችውም። «ይራመድ» አለች። ወይፈኑ ተራመደ፤ የኋላ ሰኮናው የፊተኛው በተወው ዱካ ላይ በትክክል ያርፍ ነበር። ጀርባው ጠፍጣፋ፣ ሽንጡ ረጅም፣ ጭኑ እስከ ታች የሞላ። ከሆዱ ሥር ተንበርክካ ፍሬዎቹን በመዳፏ መዘነች፤ ከባድና እኩል ነበሩ። ወይፈኑ አልተራገጠም። ያም ሆኖ አንጓች ተነሥታ፦ «እናቱን ሳላይ አልወስድም» አለች።

እመላህም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «በሺህ ዓመት ውስጥ እናቱን የጠየቀኝ ሰው የለም።» ላሚቱንም አመጣች፦ አሥራ አራት የወለደች፣ ግቷ ያልተንጠለጠለ፣ ዓይኗ የረጋ አሮጌ ላም።

«ይሄ ነው» አለች አንጓች።

«መርጠሻል፤ ያንቺ ነው። ነገር ግን ከሸለቆዬ አንድ ነፍስ ሲወጣ አንድ ነፍስ ይተካል። የቀረውም ዳግመኛ አይወጣም።»

አንጓች ወዲያው «እኔ እቀራለሁ» አለች።

«የሚወለዱትን ጥጆች ታዲያ ማን ሊመርጥ ነው?» አለ ጓንጉል። «ደግሞ እኔ ልምረጥ? አይሆንም ልጄ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ የምቀረውም እኔ ነኝ።» ጦሩን አስረከባትና ፊቱን አዞረ፤ እንባውን እንዳታይ።

አንጓች ወይፈኑን እየሳበች፣ ጉሙን ብቻዋን እየፎከረች አቋርጣ ዘምባራ ገባች። የጓንጉል ሚስት እናኑ ነገሩን ሰምታ በሯን ዘጋች።

ከዘጠኝ ወር በኋላ ምጡ ሲጀምር ንጉሥ አርማስ እጅጌያቸውን ሰብስበው በረት ውስጥ ዋሉ። ጥጃ የሚጎተትበት ገመድ ተዘጋጅቷል፤ እረኞቹ ፊታቸው ገርጥቷል። የመጀመሪያዋ ላም ተኛች፣ አማጠች፣ ብዙም ሳትቆይ ጥጃዋን ወለደች። ጥጃው ተንገዳገደና በአራት ጤነኛ እግሮች ቆሞ ጡት ፈለገ። ሁለተኛዋም እንዲሁ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ሃያ ሦስት ጥጆች ተወለዱ፤ ገመዱን የነካው የለም። ንጉሡ ገለባ ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን ሳቁ፤ እረኞቹም የሚሠሩት አጥተው እርስ በርስ ተቃቀፉ።

በማግስቱ እናኑ ወደ በረቱ መጣች። ጥጆቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«በከንቱ አልቀረም ማለት ነው» አለች።

«በከንቱ አልቀረም፣ እትዬ» አለች አንጓች። «ስንለያይ የእመላህምን ላሞች ስም እየጠየቃት ነበር።»

እናኑ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ትከሻዋ ወረደ። «እኔ እኮ ታስሮ፣ ተሰቃይቶ ነው የሚታየኝ።» ጥቂት አሰበችና ቀና አለች። «የተከለከለው መውጣት ነው አይደል?»

«አዎ።»

«መግባትንስ ማን ከለከለ?»

አንጓች እስከ ሸለቆው አፍ ሸኘቻት። ከላሞቹ መካከል አንድ ሰው ቀና ብሎ አያቸው፤ ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ መሮጥ ጀመረ።